«ይለፍ» የሚለው ቃል ምን ያሳልፋል?
ስለ ኮምፒዩተር መግቢያ ትምህርት የቀረበ ሒስ

በአማርኛ ከተሰየሙት የኮምፒዩተር ነገሮች መካከል «የይለፍ ቃል» የሚለውን ያህል ፈጥኖ የተለመደ ስያሜ ጥቂት ነው። ተማሪው ማሽኑን ሲከፍት በመጀመሪያ የሚያጋጥመው እርሱ ነው፤ መምህሩም በኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስረዳው እርሱን ነው። ገለጻው ግን ብዙውን ጊዜ ከሦስት ትእዛዛት አያልፍም፤ ስምህን ጻፍ፣ የይለፍ ቃልህን ጻፍ፣ ግባ ይባላል። ተማሪው ይገባል፤ ትምህርቱም ወደሚቀጥለው ርዕስ ያልፋል። በዚህ አጭር ገለጻ ውስጥ ሳይነገር የሚቀረው ነገር ምን እንደሆነ፣ በመቅረቱም በተማሪውና በትምህርት ቤቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። ምርመራው በተለይ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች፣ ማለትም በዳባት፣ በደባርቅ፣ በጃናሞራ፣ በበየዳ ለሚያስተምሩ መምህራንና ለነዚህ አካባቢዎች ዕቅድ ለሚያወጡ ባለሙያዎች እንዲጠቅም ሆኖ ቀርቧል።

፩. ስያሜውና ያዘለው ሐሳብ

«ይለፍ» የሚለው አነጋገር በኮምፒዩተር አልተጀመረም። አገር ለአገር የሚዘዋወር መንገደኛ ከአስተዳደር የይለፍ ወረቀት ይቀበል ነበር። ወረቀቱ የያዡን ስም፣ የጉዞውን ምክንያትና የሰጪውን መሥሪያ ቤት ማኅተም ይይዛል፤ ኬላ ጠባቂውም ማኅተሙን አይቶ ያሳልፋል። የዚህ ወረቀት ጠባዮች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ባለሥልጣን ይሰጠዋል እንጂ ያዡ ራሱ አይጽፈውም። ሁለተኛ፣ ፈቃዱ በውስጡ ተጽፏል፤ እስከ የት መሄድ እንደሚቻል ይናገራል። ሦስተኛ፣ ለጠባቂ ሁሉ በግልጽ ይታያል።

የኮምፒዩተሩ የይለፍ ቃል በሦስቱም ረገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ቃሉን የሚመርጠው ተጠቃሚው ራሱ ነው። በቃሉ ውስጥ አንዳችም ፈቃድ አልተጻፈም፤ አንድ ዓይነት ቃል የመረጡ ሁለት ሰዎች በሥልጣን እጅግ ሊራራቁ ይችላሉ። ቃሉም ለማንም የማይታይ፣ በመስኮቱ ላይ እንኳ በነጠብጣብ የሚሸፈን ነው። ስለዚህ ስያሜው የሚያሳስበው ነገር ማሽኑ ከሚያደርገው ነገር ጋር አይገጥምም። ስያሜው «ቃሉ ያሳልፋል» ይላል፤ በእውነቱ ግን ቃሉ የሚያደርገው ስሙን የጠራው ሰው ባለ ስሙ ራሱ መሆኑን ማስረዳት ብቻ ነው። ማሳለፍ የሌላ ክፍል ሥራ ነው።

ይህን ማለት ስያሜው ይሻር ማለት አይደለም። ሕዝብ የተቀበለው ቃል በጽሑፍ አይሻርም፤ የእንግሊዝኛውም ስያሜ ቢሆን የመጣው ከዘብ ጠባቂዎች ልማድ ስለሆነ በዚያው ጉድለት ይተቻል። ሊነቀፍ የሚገባው ስያሜውን ብቻ ይዞ የሚቆመው ገለጻ ነው።

፪. ማሽኑ በውስጡ የሚፈጽመው

የኮምፒዩተርን ክፍሎችና ፕሮግራሞች የሚያስተዳድረው፣ በተለምዶ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ በአማርኛም ስርዓተ ክወና የሚባለው ክፍል፣ ተጠቃሚ ሲገባ ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ይፈጽማል። እነርሱም መሰየም፣ ማረጋገጥና መፍቀድ ናቸው። መሰየም «ማን ነኝ ይላል?» የሚለውን ይመልሳል። ማረጋገጥ «ያለው ራሱ ነውን?» የሚለውን ይመልሳል። መፍቀድ ደግሞ «እርሱ ከሆነ ምን ማድረግ ይችላል?» የሚለውን ይመልሳል።

በዩኒክስና የእርሱን ፈለግ በተከተለው ሊኑክስ ሥራው በግልጽ ስለሚታይ ለማስተማር ይመቻል። ተማሪው ስሙን ሲጽፍ ሎጊን የተባለው ፕሮግራም ስሙን ከተጠቃሚዎች መዝገብ ውስጥ ይፈልጋል። በመዝገቡ ከስሙ ትይዩ አንድ ቁጥር አለ፤ ስርዓቱ በውስጡ የሚያውቀው ይህን ቁጥር እንጂ ስሙን አይደለም። ዜሮ ቁጥር የዋናው አስተዳዳሪ ሲሆን፣ በብዙ የሊኑክስ ዓይነቶች የተራ ተጠቃሚዎች ቁጥር ከ1000 ይጀምራል። ቀጥሎ ቃሉ ይጠየቃል። ተማሪው የጻፈው ቃል ተሰልቶ ወደ ሌላ መልክ ይለወጥና በመዝገብ ከተቀመጠው ጋር ይነጻጸራል። ሁለቱ ከተስማሙ ፕሮግራሙ የተማሪውን ቁጥር ለብሶ የተማሪውን ሥራ ይጀምርለታል። ከዚያ በኋላ ፋይል ሲከፈትና ሲጻፍ ወይም ሲሰረዝ ቃሉ አይጠየቅም፤ የሚታየው ቁጥሩና የፋይሉ ባለቤት ለማን ምን እንደፈቀደ ብቻ ነው።

በዊንዶውስም አሠራሩ በመሠረቱ ይኸው ነው። ማንነቱ የተረጋገጠለት ሰው መለያውና የሚገኝባቸው ቡድኖች የተመዘገቡበት ቶከን የተባለ ሰነድ ይሰጠዋል፤ የሚያስጀምረው ፕሮግራም ሁሉ ይህን ሰነድ ይዞ ይንቀሳቀሳል። እንግዲህ የጥንቱን የይለፍ ወረቀት የሚመስል ነገር በኮምፒዩተር ውስጥ ቢፈለግ የሚገኘው ይህ ሰነድ ነው። በባለሥልጣን የተሰጠ ነው፤ ፈቃድን ይመለከታል፤ በየበሩም ይታያል። ቃሉ ግን ወረቀቱ ከመሰጠቱ በፊት «አንተ ማን ነህ?» ለሚለው ጥያቄ የሚቀርብ ማስረጃ ነው። መምህሩ ይህን አንድ ልዩነት ቢያስጨብጥ የትምህርቱን ግማሽ አስተማረ ማለት ነው።

ቃሉ እንዴት እንደሚቀመጥም መነገር አለበት፤ በዚህ ረገድ ታሪኩ ራሱ ጥሩ አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ለመጀመሪያ ጊዜ በታየው፣ ፈርናንዶ ኮርባቶ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በመሩት ባለ ብዙ ተጠቃሚ ስርዓት፣ የሁሉም ቃል በአንድ ፋይል እንደወረደ ተጽፎ ይቀመጥ ነበር። ኮርባቶ ራሳቸው በኋላ እንደተረኩት፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ አንድ ቀን በስሕተት የዕለቱ ማስታወቂያና የቃላቱ ፋይል ተለዋውጠው፣ የገባ ሁሉ የሌላውን ምስጢር በመስኮቱ ላይ አነበበ። በተከተሉት ዓመታት መፍትሔው ተገኘ። ቃሉን ራሱን ከማስቀመጥ ይልቅ፣ ወደፊት እንጂ ወደኋላ በማይሄድ ስሌት የተለወጠው መልኩ ብቻ እንዲቀመጥ ተደረገ። ገብሱ ተፈጭቶ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱ ግን ወደ ገብስ አይመለስም። ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ሁለት ሰዎች አንድ ቃል ቢመርጡ እንኳ የተለወጠው መልክ እንዳይመሳሰል፣ ከቃሉ ጋር የሚደባለቅ «ጨው» የተባለ ተጨማሪ ቁጥር እንደገባበት አስረዱ፤ ይህም ጨው በዚያን ጊዜ 4,096 ዓይነት ነበር። በዚሁ ጥናት ከተመረመሩት 3,289 ቃላት ውስጥ 2,831ዱ፣ ማለትም ከመቶ 86ቱ፣ አጭር ወይም በቀላሉ የሚገመቱ ሆነው መገኘታቸው የሚታወስ ነው። ማሽኑ ምንም ያህል ቢራቀቅ በደካማ ቃል ይሸነፋል።

ከዚህ ላይ አንድ የክፍል ውስጥ ፍሬ ነገር ይገኛል። ተማሪ ቃሉን ረስቶ «ምን ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ አስተዳዳሪው «አላውቅም» ቢለው መሸሹ አይደለም፤ በትክክል በተሠራ ስርዓት ውስጥ እርሱም ሊያውቅ አይችልም። የሚችለው አዲስ ቃል መስጠት ብቻ ነው።

፫. የግቢው በሮች ምሳሌነትና ወሰኑ

በጎንደር የሚያስተምር መምህር ለዚህ ትምህርት ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገውም። ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 በቆረቆሩት ከተማ መካከል የቆመው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የነገሥታት ግቢ፣ አጥሩ አሥራ ሁለት በሮች እንዳሉት ይነገራል። በሮቹ በስማቸው የየራሳቸውን ወገን ያመለክታሉ፤ ወንበር በር የዳኞች፣ እንቢልታ በር የመሣሪያ ነፊዎች፣ ባልደራስ በር የፈረሰኞች አለቃ፣ እልፍኝ በር የውስጥ መኖሪያው ነው። ተማሪው እነዚህን ስሞች ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያደገ ስለሆነ፣ «አንድ ግቢ፣ ብዙ በር፤ ለእያንዳንዱም የተለየ ገቢ» የሚለው ሐሳብ አይከብደውም። ይህ ምሳሌ የመፍቀድን ሥራ አሟልቶ ያስረዳል። በኮምፒዩተርም ውስጥ የመምህራን፣ የተማሪዎችና የአስተዳዳሪዎች ቡድን አለ፤ እያንዳንዱ ቡድን የሚከፍተው ፋይልና የሚዘጋበት ፋይል የተለየ ነው።

ይሁን እንጂ ምሳሌው ወሰን አለው፤ ወሰኑን ያልተናገረ መምህር ተማሪውን ያሳስታል። የግቢው በረኛ ገቢውን በመልኩ ያውቀው ነበር፤ የማያውቀው ቢመጣ ከየት እንደመጣና የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቆ፣ የሚያውቀውን ሰው ምስክር አድርጎ ያረጋግጥ ነበር። በደጋው አገር ዛሬም ሰው የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው። እንግዳ «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ በአባቱ፣ በአያቱና በቀዬው ይታወቃል፤ ለጉዳይ ሲቀርብም ዋስ ይጠራል። ማንነቱ የሚጸናው በሰዎች ዕውቀት ነው።

ኮምፒዩተሩ መልክ አያይም፤ ዋስም አይጠራም። በፊቱ የተቀመጠው የደብሩ አለቃ ይሁን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ለእርሱ አንድ ነው፤ የሚያውቀው የተጻፈለትን ብቻ ነው። ስለዚህ የሌላውን ስምና ቃል የጻፈ ሰው ለማሽኑ አስመሳይ ሳይሆን ያው ሌላው ሰው ነው። ማሽኑ ተታለለ ማለትም አይቻልም፤ የተሰጠውን ማስረጃ በትክክል መርምሮ ተቀብሏልና። ተማሪው ይህን ካልተረዳ፣ ቃሉን ለጓደኛው ሲነግር ዕቃ ያዋሰ ይመስለዋል እንጂ ራሱን አሳልፎ መስጠቱን አያስተውልም።

የዋስ ልማድ ግን ከዚህ ስርዓት ፈጽሞ አልወጣም። ቃል በጠፋ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። ተማሪው ቃሉን ረስቶ ወደ መምህሩ ሲቀርብ፣ መምህሩ በመልኩ አውቆት፣ የክፍል መዝገቡን አይቶ አዲስ ቃል ይሰጠዋል። በዚያች ደቂቃ አረጋጋጩ መምህሩ እንጂ ማሽኑ አይደለም። በመሆኑም የአንድ ትምህርት ቤት ስርዓት ጥንካሬ የሚለካው ቃል በማደስ ሥራው ጥንቃቄ ጭምር ነው። በስልክ ለጠየቀ ሁሉ ወይም «ጓደኛዬ ልኮኝ ነው» ላለ ሁሉ ቃል የሚታደስ ከሆነ፣ የረቀቀው ስሌት ሁሉ ከንቱ ነው።

፬. የጋራ ስም የሚያስከትለው ጉዳት

ማሽን በሚያንስበትና ተማሪ በሚበዛበት ትምህርት ቤት የሚመረጠው አቋራጭ የታወቀ ነው። ለክፍሉ ሁሉ አንድ ስምና አንድ ቃል ይሰጣል፤ ቃሉም እንዳይረሳ በሰሌዳው ላይ ይጻፋል ወይም በወረቀት ተደርጎ ከማሽኑ ጎን ይለጠፋል። የዚህ አሠራር ምክንያት ግልጽ ነው፤ ጊዜ ይቆጥባል፣ ቃል የሚረሳ አይኖርም፣ የክፍሉ ኃላፊም አይጨናነቅም። የአርባ አምስት ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ያለው መምህር ይህን መምረጡ አያስወቅሰውም። ነገር ግን የሚከፈለው ዋጋ መታወቅ አለበት።

ከላይ እንደተባለው ስርዓቱ ፋይልን የሚጠብቀው በቁጥር ነው። ሁሉም በአንድ ስም ሲገባ ሁሉም አንድ ቁጥር ነው፤ እንግዲህ አንዱ የሠራውን ሌላው ቢያጠፋው ማሽኑ ባለቤቱ የራሱን እንዳጠፋ አድርጎ ይቆጥረዋል። የሳምንት ሥራው የጠፋበት ተማሪ ቢያመለክት መልስ የለውም፤ የሥራ መዝገቡ የሚያሳየው የጋራውን ስም ብቻ ነውና። ጥፋት ሲደርስ ወይ ማንም አይጠየቅም ወይ ሁሉም በጅምላ ይጠየቃል፤ ሁለቱም ፍትሕ አይደለም። ከዚህም በላይ ተማሪው «የእኔ» የሚለው ሥራ በማሽኑ ውስጥ ስለማይኖረው ለሥራው ያለው ኃላፊነት ይደክማል።

በዚህ ረገድ ኮምፒዩተር ከቀደሙት የትምህርት መሣሪያዎች የሚለይበት ነጥብ አለ። በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት መገባደጃ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው፣ «ፕላዝማ» በመባል የታወቀው በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት፣ በፊቱ ማን እንደተቀመጠ አይጠይቅም ነበር። ለጎበዙም ለሰነፉም፣ ለቀረውም ለተገኘውም አንድ ዓይነት ይናገር ነበር፤ በዚህም ተነቅፏል። ኮምፒዩተር ግን ሥራውን የሚጀምረው «ማን ነህ?» ብሎ ነው። ይህን ጥያቄ በጋራ ስም መልሶ ማፈን፣ ማሽኑን ወደ ፕላዝማነት መመለስ ነው።

የጉዳዩ ክብደት በብሔራዊ ፈተና ላይ ጎልቶ ይታያል። በግንቦት ወር 2008 ዓ.ም. የመግቢያ ፈተናው አስቀድሞ በመውጣቱ ተቋርጦ በሌላ ጊዜ እንዲሰጥ ተደርጓል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከትምህርት ቤቶች ወጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ። በ2016 ዓ.ም. ፈተናው በወረቀትና በከፊል በኮምፒዩተር ተሰጠ። እነዚህ እርምጃዎች ሁሉ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው፤ ይህን መልስ የሰጠው በእርግጥ ይህ ተማሪ ነውን? ጥያቄው በወረቀት ሲሆን መልሱ የፈታኙ ዓይን ነበር። በኮምፒዩተር ሲሆን ግን ከፈታኙ ዓይን በተጨማሪ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይመጣል።

እንግዲህ ከበየዳ ወይም ከጃናሞራ የሚመጣውን ተማሪ ማሰብ ያሻል። በትምህርት ቤቱ ሁልጊዜ በጋራ ስም ሲገባ የኖረ ከሆነ፣ የራሱን ስምና የራሱን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጽፈው የሕይወቱን አቅጣጫ በሚወስነው ፈተና ዕለት ነው። ቃሉን አንድ ፊደል ቢስት ማሽኑ የሚመልስለት ስሙ ወይም ቃሉ ትክክል አለመሆኑን ብቻ ነው፤ የትኛው እንደተሳሳተ አይነግረውም። ይህ ዝምታ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ስሙ ትክክል መሆኑን መናገር ለሰርጎ ገብ ግማሹን መንገድ ማሳየት ነውና። ምክንያቱን የተማረ ተማሪ ረጋ ብሎ ሁለቱንም ደግሞ ይጽፋል፤ ያልተማረው ይደነግጣል። ብዙ ጊዜ ከተሳሳተም አንዳንድ ስርዓት ለጥቂት ጊዜ ይዘጋበታል። የከተማው ልጅ በራሱ ስልክ ላይ ሲለማመደው የኖረውን ነገር የደጋው ልጅ በፈተና ሰዓት እንዲማረው ማድረግ፣ በፈተናው ይዘት ውስጥ የሌለ ሁለተኛ ፈተና መጨመር ነው።

፭. ፊደሉና ቃሉ

በውጭ አገር የተዘጋጁ መመሪያዎች የማያነሡት፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ግን ዋና የሆነ ሌላ ችግር አለ። የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ አለው፤ የግዕዝ ፊደል የለውም። ፊደል በግዕዝ የቆጠረ ልጅ አንድን ፊደል ከፍ አድርጎ መጻፍ ቃሉን ሌላ እንደሚያደርገው በተፈጥሮ አይገምትም። የትልቅ ፊደል ቁልፍ ሳይታወቅ ተጭኖ ሲቀር፣ በነጠብጣብ በተሸፈነ ቦታ ላይ ስሕተቱ አይታይም። ስለዚህ ይህ ነገር እንደ ጥቃቅን ማስታወሻ ሳይሆን እንደ ራሱን የቻለ ትምህርት መሰጠት አለበት።

ቃሉ በግዕዝ ፊደል ቢጻፍ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ጀምሮ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ በድምፅ አንድ ቢሆኑም በቁጥር ሦስት ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ ናቸው። «ፀሐይ» የሚለው ቃል በሁለቱ ጸ እና በሦስቱ ሀ ብቻ እንኳ በስድስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። የአማርኛ መምህር ስድስቱንም አንድ ቃል ብሎ ያነባቸዋል፤ ለማሽኑ ግን ስድስት የማይዛመዱ ቃላት ናቸው። ወደ ሌላ መልክ ከተለወጡ በኋላ ተመሳሳይነታቸውን የሚያሳይ ምልክት ስለማይቀር፣ «ቀርቧል» ወይም «ጥቂት ስቷል» ብሎ የሚፈርድ የለም።

የባይት ቁጥርም ጉዳይ አለው። ዛሬ በተለመደው ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ፣ በአማርኛ የሚሠራበት አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ከሦስቱም የመጀመሪያው ዘወትር 225 ሲሆን፣ ሁለተኛው ከ136 እስከ 141 ካሉት ቁጥሮች አንዱ ነው። የጥንቱ ዩኒክስ ስሌት ከቃሉ የሚመለከተው የመጀመሪያዎቹን 8 ባይት ብቻ ነበር። በዚያ ስርዓት በግዕዝ የተጻፈ ቃል ቢሰጠው የሚያየው ሁለት ሙሉ ፊደልና የሦስተኛውን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ይሆናል፤ «ጎንደር» ብሎ የመረጠ ሰው «ጎንደሬው» ብሎ ቢጽፍም ይገባ ነበር ማለት ነው። ዛሬም በሰፊው የሚሠራበት ቢክሪፕት የተባለው ስሌት የሚቀበለው እስከ 72 ባይት ስለሆነ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ለ72 የሚበቃው ቦታ በግዕዝ ለ24 ብቻ ይበቃል። ይህ ለተራ ቃል የሚበቃ ቢሆንም፣ ስርዓት ሲመረጥ መጠየቅ ያለበት ነገር ነው።

የተጠቃሚ ስምም ከዚህ አያመልጥም። በብዙ የሊኑክስ ዓይነቶች የተለመደው ደንብ ለተጠቃሚ ስም የሚቀበለው ትናንሽ የላቲን ፊደላትን፣ አኃዝንና ጥቂት ምልክቶችን ብቻ ነው። «ኃይሉ» ወይም «ጸጋዬ» የተባለ ተማሪ ስሙ በላቲን በብዙ መንገድ ሊጻፍ ስለሚችል፣ መዝጋቢው እንደመሰለው ከጻፈው ተማሪው የራሱን ስም ሊስት ይችላል። በዚያ ላይ የኢትዮጵያዊ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ የለውም፤ «የመጨረሻ ስም» የሚለው የውጭ አገር ጥያቄ አንዱ ጋ አባት፣ ሌላው ጋ አያት ተብሎ ይሞላል። አንድ ወጥ የአጻጻፍ ደንብ አስቀድሞ ካልወጣ፣ ስሕተቱ የሚጀምረው ገና በመሰየም ላይ ነው።

፮. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከዚህ ምርመራ የሚወጡት ፍሬ ነገሮች ከባድ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም። አንደኛ፣ የመጀመሪያው የኮምፒዩተር ክፍለ ጊዜ በሦስቱ ጥያቄዎች ላይ ይመሥረት፤ ማን ነኝ አልሁ? እኔ መሆኔን በምን አስረዳሁ? እኔ በመሆኔ ምን ተፈቀደልኝ? ተማሪው ሁለት ስሞችን ተራ በተራ እየገባባቸው፣ በአንዱ የፈጠረውን ፋይል በሌላው ለመክፈት ሞክሮ ሲከለከል ካየ፣ ትምህርቱ በቃል ከሚነገረው ይልቅ ይጸናበታል።

ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ስም ይሰጠው። በአንድ ማሽን ላይ ብዙ ስሞችን መመዝገብ ተጨማሪ ማሽን አይጠይቅም፤ ባለ ብዙ ተጠቃሚ ስርዓት የተፈለሰፈው አንድን ማሽን ብዙዎች እንዲካፈሉት ነውና። የስሙም አጻጻፍ ከትምህርት ቤቱ የተማሪዎች መዝገብ ጋር የተያያዘ፣ በአንድ ደንብ የሚመራ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ቃልን በየወሩ ማስለወጥ ጥንካሬ ነው የሚለው የቆየ ልማድ ይመርመር። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ቃሉ ስለመውጣቱ ምልክት ሳይኖር በየጊዜው ማስለወጥን እንደማይመክር ገልጿል። በግዴታ የሚለውጥ ሰው በቃሉ መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ይቀይራል፤ ወይም በወረቀት ጽፎ ይለጥፈዋል። ተማሪው የማይረሳውን ሌላ ሰው ግን የማይገምተውን ረዘም ያለ ሐረግ መምረጥ መማሩ ይበልጣል።

አራተኛ፣ ማረጋገጫው የት እንደሚፈጸም ይታሰብ። ስምና ቃል በማሽኑ ወይም በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ባለ መዝገብ ሊመረመር ይችላል፤ ወይም በሩቅ ከተማ ባለ ማዕከል ሊመረመር ይችላል። የሩቁ ለአስተዳደር ይመቻል፤ መስመሩ ሲቋረጥ ግን በሩ ለሁሉም ይዘጋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር አይዘነጋም። በእንዲህ ያለው ጊዜ በሩቅ መዝገብ ብቻ የሚተማመን የኮምፒዩተር ክፍል፣ መብራት እያለ፣ ማሽን እያለ፣ መምህር እያለ ሥራ ይፈታል። ለደጋው ወረዳዎች የሚወጣ ዕቅድ ቢያንስ የአገር ውስጥ መዝገብን ማካተት ይገባዋል።

አምስተኛ፣ በኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው የፋይዳ መለያ ቁጥር ወደ ትምህርት ቤቶች መዝገብ በሚገባበት ጊዜ፣ መለያን ከማረጋገጫ ጋር ማደባለቅ እንዳይመጣ ይጠንቀቁ። መለያ ቁጥር የሚሰይም እንጂ የሚያስረዳ አይደለም፤ በየቅጹ የሚጻፍና በየቢሮው የሚታወቅ ቁጥር የይለፍ ቃል ሆኖ ሊያገለግል አይገባም። የጣት አሻራን የሚያነብ መሣሪያ መግዛትም ቃሉን ይተካል ተብሎ ቢታሰብ፣ በእርሻና በድንጋይ ሥራ የሻከረ ጣት በመሣሪያ በቀላሉ እንደማይነበብ፣ የወጣ ቃል ሲለወጥ የወጣ አሻራ ግን እንደማይለወጥ ሊታሰብ ይገባል።

«የይለፍ ቃል» የሚለው ስያሜ ይኑር፤ ነገር ግን መምህሩ በጠራው ቁጥር ቃሉ ሰውን እንደማያሳልፍ፣ ስለ ሰውየው እንደሚመሰክር ያስረዳ። ሐሰተኛ ምስክር በዳኛ ፊት የሚያደርሰውን ጉዳት የደጋው ተማሪ ከቤቱ ያውቃል። ቃሉን ለሌላ መስጠት በገዛ ስሙ ላይ ሐሰተኛ ምስክር ማቆም መሆኑን ከተረዳ፣ ከማሽኑ ጎን የሚለጠፈውን ወረቀት ለማንሳት ትእዛዝ መጠበቅ አያስፈልገውም።